ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሣ የፒክአፕ ማደሪያ በራስ እጅ እንዴት ይሠራል

በባሌ ተራሮች ሰነቴ አምባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በድንኳን ያደረ ሰው ሌሊቱን ከውርጭ ጋር ሲታገል ማንጋቱን አይረሳም። በፒክአፕ ካሶኒ (የኋላ ጭነት መያዣ) ላይ የሚቀመጥ ማደሪያ ይህን ችግር ያቃልላል። ነገር ግን ሰው የሚያስቆም ቁመት ያለው ቋሚ ሳጥን ከተጫነ መኪናውን ነፋስ ይገፋዋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በተንጋደደ መንገድ ላይም ወደ ጎን የመውደቅ አደጋው ይጨምራል። ጣሪያው በጉዞ ጊዜ ዝቅ ብሎ ተዘግቶ፣ ማደሪያ ቦታ ሲደረስ ብቻ የሚነሣው ዓይነት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ለደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ የታሰበ ሲሆን፣ ልኩን በመቀየር ለሌሎች ፒክአፖችም ሊውል ይችላል።

ብዙ ሰው ሥራውን ከወለሉ ይጀምራል። የእኔ ምክር ግን ከጣሪያው እንዲጀመር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን፣ በጨለማና በዝናብ፣ ሊያነሣው የሚችለው ክብደት የቀረውን ነገር ሁሉ ይወስናል። የመጀመሪያውን ጣሪያዬን በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) እና በላሜራ በይጄው ነበር። ጠንካራ ነበር፣ አማረም፤ ግን ለመክፈት በፈለግሁ ቁጥር ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጣሪያው 2.4 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ቢኖረው 3.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ስለሚመዝን ልባሱ ብቻ 28 ኪሎ ይደርሳል፤ 25 በ25 የሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ በሜትር 1.1 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 14 ሜትር ያህሉ ሌላ 15 ኪሎ ይጨምራል። ከውስጥ የሚለበጠው ስስ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ሰሌዳ) እና ፎሙ ሲታከሉበት ጣሪያው ከ50 ኪሎ ያልፋል። ያንኑ ጣሪያ በአሉሚኒየም ብንሠራው፣ ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ጠቅላላው ከ26 እስከ 28 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። አሉሚኒየም በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ስለማይያዝ ማዕዘኖቹን በሪቬትና በማዕዘን ማያያዣ ማጋጠም ያስፈልጋል፤ ጥሩ ጎኑ ይህን ሥራ ትራፓንና የሪቬት መምቻ ያለው ማንኛውም ሰው በጓሮው ሊሠራው መቻሉ ነው።

የመኪናውን የመሸከም አቅም ከሊብሬው ላይ ያንብቡ። ከዚያ ላይ የተሳፋሪዎቹን ክብደት ይቀንሱ፤ ለውሃም በሊትር አንድ ኪሎ፣ ማለትም ለአንድ ጀሪካን 20 ኪሎ ይቀንሱ። ባዶው ማደሪያ ከ200 ኪሎ እንዳይበልጥ ማድረግ ለባሌስትራውም ለፍሬኑም ይበጃል። ከባድ ነገሮች፣ በተለይ ውሃውና ባትሪው፣ ወደ ጋቢናው ተጠግተው፣ ከኋላው የጎማ አክስል በስተፊት እንዲቀመጡ አስቀድሞ ቦታ ይያዝላቸዋል። ጭነቱ ከአክስሉ ወደ ኋላ ሲያልፍ የፊት ጎማዎቹ ይቀልሉና መሪው መታዘዙን ይተዋል።

ልኩን በካርቶን ማውጣት ይሻላል። የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰው ተዘርግቶ አይተኛበትም፤ ስለዚህ የማደሪያው የፊት ክፍል በጋቢናው ጣሪያ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ የመኝታው ግማሽ እዚያ ይሆናል፣ የቀረው ደግሞ ማታ ማታ እየተሳበ በሚወጣ ጣውላ ይሟላል። የሳጥኑ የታችኛው ክፍል በጎማ ቤቶቹ መካከል እንዲገባ ጠባብ ሆኖ፣ ከካሶኒው ጠርዝ በላይ ሲደርስ ይሰፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጋቢናውና ካሶኒው በሻሲው ላይ ለየብቻ የተቀመጡ በመሆናቸው በኮረኮንች መንገድ አንዱ ሲጋደል ሌላው አብሮት አይጋደልም። በጋቢናው ጣሪያና በማደሪያው ሆድ መካከል ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካልተተወ፣ በመጀመሪያው ጉዞ የጋቢናው ቀለም ተፍቆ ይመለሳል፤ ከዚያም ላሜራው መጎድጎድ ይጀምራል።

የግድግዳው አጽም ከብረትም ቢሆን ችግር የለውም፤ የሚነሣው ጣሪያው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ከተበየደ በኋላ ብየዳው ተሞርዶ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ በቱቦላሬዎቹ መካከል 25 ሚሊ ሜትር ፎም ይገባል፣ ከውጭ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ይለበጣል። ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ መካከላቸው ቀለም ወይም ስስ ጎማ መኖር አለበት፤ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙን ይበላዋልና። የግድግዳው ጫፍ ከካሶኒው ወለል 1.2 ሜትር ላይ ቢያልቅና ጣሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ቢነሣ፣ በውስጡ የ1.8 ሜትር ቁመት ይገኛል።

ዋናው ጥበብ ያለው በማንሻው ላይ ነው። ቀላሉ መንገድ ጣሪያውን በፊት በኩል በማጠፊያ አስሮ ከኋላ ብቻ እንደ ሳጥን ክዳን መክፈት ነው፤ ይሁንና በዚህ አሠራር መኝታው ያለበት የፊት ክፍል ጠባብ ሆኖ ይቀራል። የምመርጠው ከፊትም ከኋላም እኩል የሚነሣውን ነው። ለዚህም ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሁለት ሰፋፊ ሰሌዳዎች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። እያንዳንዱ ሰሌዳ መሐል ለመሐል ተቆርጦ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ሁለት ክፋይ ይሆንና ክፋዮቹ በረጅም ማጠፊያ ይገናኛሉ፤ የታችኛው ክፋይ ከግድግዳው ጫፍ፣ የላይኛው ከጣሪያው ጋር እንዲሁ በማጠፊያ ይታሰራል። ጣሪያው ሲዘጋ ሰሌዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተኛል፤ ሲነሣ ይቃናል። የመሐሉ ማጠፊያ ቀጥ ካለበት በጥቂቱ አልፎ ወደ ውጭ እንዲረግጥ ከተደረገ ሰሌዳው በራሱ ይቆማል፤ ቢሆንም መቀርቀሪያ ሳይበጅለት ከሥሩ መተኛት አይገባም።

ሰሌዳው ተኝቶ ሳለ ቢገፉት ኃይሉ ወደ ጎን ስለሚሄድ ጣሪያው አይነሣም። የመጀመሪያዎቹ 20 ሳንቲ ሜትሮች በትከሻ ወይም በሁለት እጅ ጣሪያውን ራሱን ገፍቶ የሚኬድባቸው ናቸው፤ ሰሌዳው የሚያግዘው ከዚያ በኋላ ነው። በጋዝ የሚሠራ መግፊያ ዘንግ፣ የመኪና የኋላ በር የሚያነሣው ዓይነት፣ ቢጨመርም ያው ተኝቶ የሚጀምር በመሆኑ በመነሻው ላይ እምብዛም አይረዳም። በተጨማሪም ሰሌዳዎቹ ጣሪያው ወደ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ቢይዙትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ሊያዘም ይችላል፤ ስለዚህ በሁለቱም ጎን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ የሚወጠር ጠፍር ይታሰርለታል።

ቀጥሎ በግድግዳውና በተነሣው ጣሪያ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ሸራ ይመጣል። መርካቶ ውስጥ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች ልኩን ከሰጧቸው ይሠሩታል። ፕላስቲክ የተለበጠው ሸራ ዝናብ አያስገባም፣ ትንፋሽም አያስወጣም፤ በቀዝቃዛ ሌሊት ጧት ላይ በውስጡ ውሃ ያንጠባጥባል። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸራ ውድ ቢሆንም ለደጋ አገር ይመረጣል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ይበሰብሳል። ሸራው ከሚነሣበት ከፍታ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘለግ ብሎ ይቆረጥ፤ በመሐሉም ዙሪያውን ላስቲክ ይለፍበት። ጣሪያው ሲወርድ ላስቲኩ ሸራውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ያለበለዚያ ሸራው በጠርዙ ተነክሶ ይቀደዳል።

በሸራው ላይ ከፍ ብሎ አንድ፣ በግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ ሌላ የአየር ማስገቢያ ሊኖር ይገባል። የአየር ማስገቢያ አለ ተብሎ ግን የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ለቡናም ቢሆን፣ ብርዱ ቢበረታም። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ማደሪያው በካሶኒው ወለል ላይ ከመቀመጡ በፊት ወፍራም ጎማ ይነጠፍለታል፤ ከዚያ በአራት ማጥበቂያ ከካሶኒው መንጠቆዎች ጋር ይወጠራል። የኋላ መብራቱና ታርጋው እንዳይሸፈኑ ይጠንቀቁ። በጋቢናው ጀርባ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ካለ ስለሚሸፈን በማደሪያው ኋላ ሌላ ይተካለት። ማደሪያውን እስከመጨረሻው በቡሎን ለማሰር ያሰበ ሰው ለቦሎ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት ስለ ፈቃዱ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቅ።

ሲያልቅ ጣሪያውን አንሥቶ በጎማ ቱቦ ሩብ ሰዓት ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ዘግቶ መድገም ያስፈልጋል፤ በሁለቱ ጊዜ የሚያፈሰው ቦታ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ ካለፈ በኋላ ማጥበቂያዎቹንና የማጠፊያ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ በአሉሚኒየሙ ሪቬቶች ራስ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት መሰል ነገር ከታየ ያ ሪቬት ላልቶ እየተፋተገ ነውና ተነቅሎ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ ባለው ቡሎን ይተካ።