የቆየ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ሲበላሽ፦ ችግሩን እንዴት ማግኘትና መጠገን ይቻላል

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ በየዕድሩ መጋዘንና በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል «ሞቷል» ተብሎ የተቀመጠ ከባድ የብረት ማይክሮፎን አይጠፋም። ብዙዎቹ አልሞቱም። ዳይናሚክ ማይክ ባትሪም ትራንዚስተርም አያስፈልገውም። ውስጡ ያለው ስስ የፕላስቲክ ዲያፍራም፣ ከዲያፍራሙ ጀርባ የተጣበቀ ቀጭን የሽቦ ኮይልና ማግኔት ነው። ድምፅ ዲያፍራሙን ሲያርገበግበው ኮይሉ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ እየተመላለሰ አንድ ወይም ሁለት ሚሊቮልት ያህል ያመነጫል። የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ስለሆነ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዘንሃይዘር ኤም ዲ 421 እ.ኤ.አ. በ1960፣ ሹር ኤስ ኤም 58 በ1966 ገበያ የወጡ ናቸው፣ አሮጌዎቹም ዛሬ ድረስ የሚሠሩ አሉ።

የጥገናው ሥርዓት ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ነው፦ መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ መሰኪያ፣ ማብሪያ፣ ትራንስፎርመር፣ በመጨረሻ ካፕሱሉ (ዲያፍራሙን፣ ኮይሉንና ማግኔቱን የያዘው ክፍል)። በጥገና ስም የሚጠፋው አብዛኛው ማይክ የሚጠፋው ገመዱ ሳይለካ ካፕሱሉ ስለሚከፈት ነው። የተቀደደ ዲያፍራም ደግሞ አይጠገንም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዲጂታል መልቲሜትር፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ከ25 እስከ 40 ዋት ካውያ፣ ውስጡ ሮዚን ያለው 60/40 ሊድ (ውፍረቱ ከ0.7 እስከ 1 ሚ.ሜ)፣ ትናንሽ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ ብሩሽና ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ይበቃሉ። ቆርቆሮ ለመበየድ የሚያገለግለውን አሲድ ወደዚህ ሥራ አያቅርቡ፤ ቀጭኑን ሽቦ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የሚሠሩበት ቦታ ከመሣሪያው እኩል ወሳኝ ነው። ብረት የተሞረደበት ወይም የተቆረጠበት ጠረጴዛ ላይ ካፕሱል አይከፈትም፤ ማግኔቱ ብናኙን ስቦ ወደ ኮይሉ ክፍተት ያስገባል። ባና ወይም ብርድ ልብስ ላይም አይሥሩ፣ የበግ ፀጉሩ ብናኝ ዲያፍራሙ ላይ ይጣበቃል። ጠረጴዛውን ጠርገው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ።

አንደኛ፦ ጥፋቱ የማይኩ መሆኑን ያረጋግጡ

ከሁሉ በፊት፣ ማይኩ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ሥራውን ያቁሙና አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ይንቀሉ። ማይክ በራሱ ሰው የሚነዝር ኃይል የለውም፤ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከአምፕሊፋየሩ ወይም ኤርዝ ከሌለው መስመር ነው። ሁለት እግር ብቻ ያለው ሶኬት በሚጠቀሙ አሮጌ አምፕሊፋየሮች ላይ ይህ ያጋጥማል። ሰው ይገድላልና እሱ ሳይስተካከል ማንም ማይኩን እንዳይጨብጥ።

ቀጥሎ ሌላ ገመድና ሌላ ማይክ በዚያው መግቢያ ላይ ይሞክሩ። ሌላ ማይክ ከሌለ ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፦ መሰኪያውን በአስማሚ ወደ ማይክ መግቢያው አስገብተው አንዱን ጆሮ አፍዎ ላይ አድርገው ይናገሩ። ማዳመጫውም ኮይልና ማግኔት ስለሆነ ደከም ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ ከወጣ አምፕሊፋየሩ ደኅና ነው።

ገመዱን ሲለኩ በካነን መሰኪያ (ሦስት እግር ባለው ኤክስ ኤል አር) 1 ቁጥር ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 ጋር መገናኘት አለባቸው፤ ንባቡ ከ1 ኦም ብዙም አይበልጥም። 1 ቁጥር ሽልዱ (የድምፅ ሽቦዎቹን ዙሪያ የሚሸፍነው መከላከያ ሽቦ) ነው፣ 2 እና 3 ድምፁን ይሸከማሉ። አንዱ ከሌላው ጋር መነካካት የለበትም። እየለኩ ገመዱን ሁለቱም ጫፍ ላይ ያጣጥፉት፤ ንባቡ የሚዘል ከሆነ ሽቦው እዚያ ተበጥሷል። መበጠሱ ከመሰኪያው አጠገብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ 5 ሴ.ሜ ያህል ቆርጠው እንደገና መበየድ ነው። ዲን ወይም ቱኸል የሚባለው ክብ መሰኪያ ባላቸው አሮጌ የጀርመን ማይኮች ላይ ግን መሬቱ (ሽልዱ) 2 ቁጥር ነው፣ 1 እና 3 ድምፅ ናቸው። ይህን ሳያውቁ በካነን ሥርዓት የበየዱት ገመድ ጤነኛውን ማይክ ያስጮኻል።

ድምፁ አለ ግን በጣም ደካማ ነው? የኢምፔዳንስ (ማይኩ ለድምፅ ጅረት ያለው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ጉዳይ ይሆናል። የዛሬ ሚክሰሮች የሚጠብቁት ከ150 እስከ 600 ኦም የሆነ ማይክ ነው፤ የድሮ የቱቦ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ከ10 ሺህ ኦም በላይ የሆነውን ከፍተኛውን ዓይነት። ከፍተኛው ዓይነት ማይክ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ድምፁ ይደክማል፣ ረጅም ገመድ ሲጨመርበት ጥራቱም ይታፈናል። ዝቅተኛው በድሮ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካም ይደክማል፤ መፍትሔው መሐል ላይ 1 ለ10 ያህል የሚያሳድግ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። አንዳንድ አሮጌ ማይኮች ሁለቱንም የሚሰጥ መምረጫ ወይም የተለየ የሽቦ ቀለም አላቸውና መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ።

ሁለተኛ፦ ሳይከፍቱ ይለኩ

መልቲሜትሩን 2 ሺህ ኦም ላይ (ለከፍተኛው ዓይነት ማይክ ከዚያ በሚበልጠው ደረጃ) አድርገው በማይኩ 2 እና 3 እግሮች መካከል ይለኩ። በመርፌ የሚሠራውን የድሮ ቴስተር በዝቅተኛው የኦም ደረጃ አይጠቀሙ፣ የሚለቀው ጅረት ለቀጭን ኮይል ይበዛል። ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ያለው ማይክ ከጥቂት አሥሮች እስከ ጥቂት መቶ ኦም፣ ከፍተኛው ዓይነት ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ኦም ያሳያል። ጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲያደምጡ ደግሞ፣ ትራንስፎርመር በሌለው ማይክ ላይ የመልቲሜትሩ ጫፍ በነካ ቁጥር ከካፕሱሉ ቀጭን «ጠቅ» ይሰማል። ያ ድምፅ ኮይሉ ሙሉ እንደሆነና ዲያፍራሙም እንደሚንቀሳቀስ ይነግርዎታል።

አንድ ወጥመድ አለ። ትራንስፎርመር ባለው ማይክ፣ ለምሳሌ በኤስ ኤም 58፣ ከውጭ የሚለኩት የትራንስፎርመሩን ጥቅል ነው። ንባቡ ትክክል ሆኖ ካፕሱሉ የተበጠሰ ሊሆን ይችላል፣ በተቃራኒውም እንዲሁ። ስለዚህ «ልክ ነው» ብሎ እዚህ ላይ መፍረድ አይገባም።

ሦስተኛ፦ መክፈት

በብዙ ማይክ ላይ መሰኪያውን የያዘው ትንሽ ብሎን የሚለቀው ወደ ውጭ ሲወጣ ሳይሆን ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ አልፈታ ካለ አይታገሉት። ራሱን ከእጀታው ሲነቅሉ ወዲያው አይጎትቱ፣ ካፕሱሉን ከእጀታው የሚያገናኙት ሁለት ሽቦዎች አጭርና ቀጭን ናቸው። ከመንቀልዎ በፊት የሽቦዎቹን ቀለምና ቦታ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ካቻቢቴውን ማግኔቱ ድንገት ስቦ ዲያፍራሙን ሊወጋው ስለሚችል የካፕሱሉን ፊት በወፍራም ወረቀት ይሸፍኑ።

ማብሪያ ያለው ማይክ ከሆነ ከእሱ ይጀምሩ። የሚንኮሻኮሽና ድምፁ የሚቆራረጥ ማይክ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማብሪያው ዝገት ነው። አልኮል ጠብ አድርገው ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ካልዳነ ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኝቶ ማብሪያውን ከሥራ ውጭ ማድረግ ይቻላል፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለስብሰባ ማይክ እንዲያውም ይሻላል፣ ሳይታወቅ የሚጠፋ ማብሪያ አይኖርም።

ቀጥሎ የካፕሱሉን ሁለት ሽቦዎች ይንቀሉና ካፕሱሉን ብቻውን ይለኩ። ንባብ ከሰጠ ካፕሱሉ ሕያው ነው። ካፕሱሉ ደኅና ሆኖ ትራንስፎርመሩ ከተበጠሰ፣ ምትክ እስኪገኝ ካፕሱሉን በቀጥታ ከ2 እና ከ3 ጋር ማገናኘት ይቻላል። ድምፁ ስለሚቀንስ ሚክሰሩ ላይ ጌን (የመግቢያውን ድምፅ ማሳደጊያ) መጨመር ይጠይቃል፣ ግን ይሠራል።

የማይኩ ጩኸት እጅዎ ብረቱን ሲነካ የሚለወጥ ከሆነ የብረት አካሉ ከ1 ቁጥር እግር ጋር አልተገናኘም። በመካከላቸው 0 ኦም ገደማ መነበብ አለበት፤ ከሌለ የላላውን ሽቦ ፈልገው ይበይዱ፣ ወይም መጋጠሚያው ላይ ያለውን ቀለምና ዝገት ይፋቁ።

አራተኛ፦ ስፖንጁና ካፕሱሉ

አሮጌ ማይክ «ታፍኗል» ሲባል አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ስፖንጁ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ያለው የፖሊዩረቴን ስፖንጅ በእርጥበትና በሙቀት እየተበላ ወደ ተጣባቂ ዱቄት ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ባለው ሙቀት ይህ ይፈጥናል። በደጋው ደግሞ የጣርማበር ጉምና የደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ የቆየ ብረት ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ሲገባ ትንፋሽ ውኃ ሆኖ ይጠራቀምበታል። በቤተ ክርስቲያን የዕጣን ጢስም ከዚያ ጋር ተዳምሮ ወንፊቱን ይደፍነዋል።

ወንፊቱን ከካፕሱሉ ለይተው የበሰበሰውን ስፖንጅ ፍቀው ያውጡ። ወንፊቱ ብቻ ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ይታጠብና እስከ ማግስቱ ይድረቅ። በምትኩ የሚገባው ስፖንጅ ስስና ቀዳዳው ክፍት መሆን አለበት፤ አፍዎ ላይ አድርገው ሲተነፍሱበት አየር ያለ ችግር ካላለፈበት አይሆንም። የነጠላ ቁራጭ ወይም ጥጥ አያስገቡ፣ ቃጫው ይራገፋል።

በካፕሱሉ መከላከያ ላይ የወደቀ ዱቄት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ካፕሱሉን ወደ ታች ደፍቶ ይነሣል። የብረት ብናኝ ከሆነ ብሩሽ ይገፋዋል እንጂ አያነሣውም፤ የፕላስተር ጫፍ በቀስታ አስነክተው ያንሡት። በአፍ መንፋትም ሆነ የጎማ መንፊያ አየር ክልክል ነው። ዲያፍራሙ ትንሽ ተጎድጉዶ ድምፁ ግን ጤነኛ ከሆነ እንዳለ ይተዉት።

ካፕሱሉ ምንም ንባብ ካልሰጠ በአጉሊ መነጽር ኮይሉ ወደ ተርሚናሉ የሚወጣበትን ቦታ ይመልከቱ። ከፀጉር የሚቀጥነው ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ልክ ተርሚናሉ ላይ ነው። የሽቦው ጫፍ ከታየ ሽቦውን የሸፈነውን ቀለም (ላከር) ትኩስ ሊድ አስነክተው ያስለቅቁ፣ ከዚያ ከአንድ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይበይዱት፤ ካውያው ከቆየ ዲያፍራሙ ይቀልጣል። ሽቦው ከጥቅሉ ውስጥ ከተበጠሰ ግን ካፕሱል መቀየር ነው። ለኤስ ኤም 58 ምትኩ አር 59 ይባላል፤ ተመሳስለው የተሠሩ ስለሚሸጡ ከአዲስ አበባ ሲያስመጡ ሻጩ ፊት በድምፅ ያስሞክሩት።

ሲገጥሙ በፎቶው መሠረት ሽቦዎቹን ይመልሱ። ከዚያ ከሌላ ጤነኛ ማይክ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ሁለቱንም ከፍተው መሐላቸው ላይ ይናገሩ። ድምፁ ከአንዱ ብቻውን ይልቅ ከቀጠነና ወፍራሙ ክፍል ከጠፋ፣ የጠገኑት ማይክ ተገልብጦ ተበይዷል፤ በመሰኪያው ውስጥ የ2 እና የ3 ሽቦዎችን አቀያይረው እንደገና ይሞክሩት።