የመጽሐፍና የሥነ ጽሑፍ ማዕከል ስትከፍቱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በአንዱ ክፍል ሰዎች መጽሐፍ በእጃቸው ይጠርዛሉ፣ የብረት ፊደል እየለቀሙ ያትማሉ። በሌላው ክፍል ግጥም ይነበባል፣ ረቂቃቸውን ይዘው የመጡ ጸሐፊዎች ይወያያሉ። እንዲህ ያለ ቤት ለአካባቢያችሁ ሰው ለመክፈት የምታስቡ ካላችሁ ሐሳባችሁን ከልቤ ነው የምወደው። ግን ብዙዎች የሚደናቀፉት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ልንገራችሁ።

ሕንፃውን ማስቀደም

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው ሳይሰበሰብ ሕንፃ ይፈለጋል፣ ንድፍ ይሠራል፣ ገንዘብ ይለመናል፣ ሁለት ሦስት ዓመት በስብሰባ ያልቃል፤ በሩ ሲከፈት ግን ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ኦፕን ቡክ የሚባል ሕንፃ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሚኒሶታ የመጽሐፍ ጥበባት ማዕከልን፣ ሎፍት የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ማዕከልና ሚልክዊድ የተባለውን አሳታሚ በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ። ሰው ይህን አይቶ "እኛም እንዲህ ያለ ሕንፃ ያስፈልገናል" ይላል። ነገር ግን የመጽሐፍ ጥበባት ማዕከሉ የተመሠረተው በ1983 ነው፤ ሎፍት ደግሞ በ1970ዎቹ ከአንድ መጽሐፍ መደብር በላይ ካለ ክፍል ውስጥ ነው የተነሣው። ሕንፃው ሲመጣ ተማሪውም አስተማሪውም አድማጩም አስቀድሞ ነበረ።

እናንተም በተዋሳችሁት ክፍል ጀምሩ። ለጥረዛ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ መርፌ፣ ወስፌ፣ ጠንካራ ክር፣ ሙጫና ወረቀት ይበቃል። ለንባብ ደግሞ ወንበር። አንድ ዓመት እንዲህ ከሠራችሁ ሁልጊዜ የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ትምህርት እንደሚሞላ፣ የትኛው ባዶውን እንደሚቀር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሕንፃውን የሚነድፍላችሁ ያ እውቀት ነው።

የተለገሰውን ማሽን ሁሉ መቀበል

ማዕከል ልትከፍቱ መሆኑ ሲሰማ ደግ ሰው ከመጋዘኑ የቆየ ማተሚያ አውጥቶ "ውሰዱት" ይላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ጠይቁ፤ ስንት ይመዝናል? ቻንድለር ኤንድ ፕራይስ የሚባሉት ባለ መዘውር ማተሚያዎች ብዙዎቹ ከግማሽ ቶን በላይ ናቸው። የእንጨት ወለል ላይ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከማስቀመጣችሁ በፊት መሐንዲስ ወለሉን ይይላችሁ። የፊደል መሳቢያዎቹም ቀላል አይደሉም። ሃያ መሳቢያ የያዘ አንድ ቁምሳጥን ፊደል ሲሞላ ብዙ ሰው ተረዳድቶ እንኳን አያነቃንቀውም።

ቀጥሎ መለዋወጫ። በማዕከላት በብዛት የሚታየው ቫንደርኩክ የተባለው የማረሚያ ማተሚያ፣ ማለትም ከዋናው ኅትመት በፊት ለእርማት የሚሆን የሙከራ ቅጂ የሚወጣበት፣ ዛሬ አዲስ አይመረትም። የቀለም ጥቅሉ ጎማ ሲያረጅ የሚያድስ ባለሙያ መፈለግ፣ የጠፋ ብሎን ማስቀረጽ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ይህን የሚችል ሰው ከሌለ ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ይለብሳል፤ የሚጎበኝ ሰው ፎቶ ይነሣበታል፣ የሚያትምበት ግን የለም።

ፊደል ስትቀበሉ ደግሞ ቁመቱን፣ ማለትም ብረቱ ከእግሩ እስከሚያትመው ፊቱ ያለውን፣ ለኩ። የአሜሪካና የእንግሊዝ ፊደል 23.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆማል፣ የፈረንሣዩ 23.56 ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ልዩነት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ከተቀላቀሉ ግን አጭሩ አይታተምም፣ ረጅሙ ወረቀቱን ይወጋል። አንድ ጊዜ ሙሉ መሳቢያ ፊደል መሬት ላይ ሲዘረገፍ አይቻለሁ። እያንዳንዷን ፊደል ለይቶ ወደ ቦታዋ መመለስ ስንት ምሽት እንደፈጀ ሳስታውስ አሁንም ይደክመኛል። የተደባለቀ ሣጥን በነጻ ስትቀበሉ ያንን ሥራ ነው አብራችሁ የምትቀበሉት።

ደህንነትን ለኋላ ማቆየት

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። የማተሚያ ፊደል የሚቀለጠው በዋናነት ከእርሳስ ብረት ነው፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ይጨመርበታል። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይመርዛል፣ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ፊደል ባለበት ክፍል መብላትና መጠጣት የለም፣ ሲወጡ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፣ መታጠቢያው ደግሞ እዚያው በሩ አጠገብ ይሁን። የመሳቢያ አቧራ በአፍ አይነፋም፣ በደረቅ መጥረጊያም አይጠረግም። ለትንንሽ ልጆች የእንጨት ፊደል ወይም የጎማ ማኅተም ስጧቸው፤ ደስታው አይቀንስም።

ሌላው ጨርቅ ነው። ብዙ የማተሚያ ቀለም የተልባ ዘይት አለበት። ይህ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነው፣ ሲዋሐድም ሙቀት ያወጣል። ቀለም የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ ብትከምሩት ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም እሳት ሳይለኩስበት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ክዳን ያለው የብረት ማጠራቀሚያ ግዙ፣ በየማታው ባዶ አድርጉት። ዙሪያችሁ በሙሉ ወረቀት መሆኑን አትርሱ።

የመቁረጫው ምላጭና መዘውር ያለው ማተሚያም ጣት ይወስዳሉ። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው፣ የቦርዱ አባልም ቢሆን፣ አይንካቸው።

ሁሉን በአንድ አዳራሽ መጨፍለቅ

ወረቀት ለመሥራት ፋይበሩን የሚፈጨው ማሽን ይጮኻል፣ ውሃውም ወለሉን ያረሰርሳል። ከጎኑ ግጥም ማንበብ አይቻልም፣ እርጥበቱም የተጠረዘውን መጽሐፍ ያጣምመዋል። በመካከል ግድግዳ፣ ለውሃው ደግሞ የወለል ፍሳሽ ይኑር። ቦታ ከሌላችሁ ወረቀት መሥራቱን ለጊዜው ተዉት፤ ሌላው ሁሉ ያለሱ ይሄዳል።

አንዱን ወገን ጌጥ ማድረግ

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። መሥራቾቹ የእጅ ሥራ ሰዎች ከሆኑ ሥነ ጽሑፉ በዓመት ሁለት ጊዜ ለምረቃ የሚጠራ ገጣሚ ሆኖ ይቀራል። መሥራቾቹ ጸሐፊዎች ከሆኑ ደግሞ ማተሚያው የግድግዳ ማሳመሪያ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቤት ሆነው ሳይተዋወቁ ዓመታት ያልፋሉ።

መድኃኒቱ የጋራ ሥራ ነው። ለምሳሌ በየንባቡ ምሽት ከሚነበቡት ግጥሞች አንዱ አስቀድሞ በአንድ ገጽ ይታተም። ገጣሚው ራሱ መጥቶ ፊደሉን ይልቀም። አሥራ አራት ስንኝ ለመልቀም ጀማሪ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ይችላል፣ ያ ቀን ግን ብዙ ያስተምረዋል። እያንዳንዷን ቃል በጣቱ ሲያነሣ የማታስፈልገውን ቃል ያገኛታል፤ እዚያው ቆሞ ስንኙን ሲያሻሽል ታዩታላችሁ። አታሚውም በበኩሉ ስንኝ ለምን እዚያ ጋ እንደተሰበረ ይጠይቃል፣ ባዶ ቦታም ትርጉም እንዳለው ይገባዋል። በነገራችን ላይ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ስንቱ የደራሲው እንደሆነ፣ የሽያጩ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ተፈራረሙ። ወዳጅነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ስምምነት ወዳጅነቱን ራሱን ያበላሻል።

ለሚያነቡና ለሚያስተምሩ ጸሐፊዎችም ክፈሉ፤ ትንሽም ብትሆን። ለጠራዡ ከፍላችሁ ለገጣሚው ጭብጨባ ብቻ ከሰጣችሁ የማንን ሥራ እንደ ሥራ እንደምትቆጥሩ ሁሉም ሰው ያነበዋል።

ለዕቃ ገንዘብ አግኝቶ ለሰው ማጣት

ለጋሾች የሚታይ ነገር መግዛት ይወዳሉ፤ ስማቸው የሚለጠፍበት ማሽን። ማሽኑን የሚያጸዳ፣ የሚቀባ፣ አዲስ ሰው የሚያሠለጥን ባለሙያ ደመወዝ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። እናንተ ጠይቁ። የመጀመሪያው የበጀት መስመር ያ ሰው ይሁን፣ ማሽኑ በኋላ ይድረስ። ሁሉንም በበጎ ፈቃደኛ እንሸፍናለን የምትሉ ከሆነ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ እንደሚታመም፣ እንደሚወልድ፣ ሥራ እንደሚቀይር አስቡ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ አይሁን።

በሩን በምዝገባ ብቻ መክፈት

ለስድስት ሳምንት ኮርስ የሚመዘገበው አስቀድሞም ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ማንም ዝም ብሎ የሚገባበት ሰዓት ይኑራችሁ። መግቢያው ደረጃ ካለው መወጣጫ አሠሩለት፣ አንድ ሁለት ጠረጴዛም ለተሽከርካሪ ወንበር በሚመች ከፍታ ይሁን። ለዚያ ቀን ቀላል ሥራ አዘጋጁ፤ ጥቂት የታጠፉ ወረቀቶች፣ ሦስት ቀዳዳ፣ አንድ ክር። ከመንገድ የገባው ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ የራሱን ደብተር ሰፍቶ ይይዛል። ደብተሩ ባዶ ነው። አጠገቡ ባለው ክፍል ደግሞ ምን ሊጽፍበት እንደሚችል የሚያወሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በሩን ክፍት አድርጉለት።