ዳሽቦርዱን ቤት ውስጥ ፈትቶ የማሞቂያ ራዲያተር መቀየር

የፊት መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ቅባት በሚል ጉም ይሸፈናል። መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ አለ፣ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ርሷል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይጎድላል፣ ማሞቂያው የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። በሚኒሶታ ብርድ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቴርሞስታት (የኩላንቱን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ፍሳሽ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ ጨመርኩ፤ ትንሽ አታሎኝ ፍሳሹ ተመለሰ። የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ነው፤ ትኩስ ኩላንት የሚያልፍበት፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለ ትንሽ ራዲያተር። የቀረው ዳሽቦርዱን መፍታት ነበር።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ቢጫዎቹ ሶኬቶች የኤርባግ ናቸው፣ ሳይታሰብ እንዳይፈነዳ ነው። ኩላንቱን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አፍስሳችሁ አውጡ።

የሚታየው ቡሎን ሁሉ ወጥቶ ዳሽቦርዱ አልነቃነቅ አለ። በጉልበት ከሳባችሁት ይሰነጠቃል። ችግሩ ጎንና ጎን ነበር። በር ሲከፈት ብቻ የሚታየውን የፕላስቲክ ክዳን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሳነሳው፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ቡሎን ተደብቆ አገኘሁ። በወዲያኛውም በኩል እንደዚያው። ከዚያ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ መሪውን ቆለፍኩና ዘንጉን ከነመሪው ወደ ወንበሩ አወረድኩት። ያኔ ዳሽቦርዱን ለሁለት ሆነን አወጣነው።

ከማሞቂያው ራዲያተር ጋር የተያያዘው የድሮው ቱቦ ከተጣበቀ አትጎትቱት፣ የራዲያተሩ ቧንቧ ይጣመማል። በምላጭ ሰንጥቁት፤ አዲስ ቱቦ ርካሽ ነው። ሁሉም ሲገጠም ማሞቂያውን ሙሉ ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ኩላንት ጨምሩ።