ክፍል ለማደስ የዲዛይን ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለችውን ጠባብ ኪችናችንን ለማደስ ስንነሳ፣ ሁለት ምሽት ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ያማረ ሥዕል ሠራሁ። ነጭ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ መስኮቱ ላይ አበባ ሳይቀር። አናጺያችን ስልኩን ተቀብሎ ራቅ ቀረብ እያደረገ አየውና "ያምራል ልጄ፤ ግን ስንት ሴንቲ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ግድግዳውን በጣቴ እየጎተትኩ በዓይኔ ግምት ነበር የሳልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው "የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" ሲለኝ፣ "ሥዕሉን የምታሳዩት ለማን ነው?" ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ በቀለምና በሶፋ ጉዳይ ለመስማማት ከሆነ ማንኛውም የስልክ አፕ ይበቃል። ግንበኛ የሚያፈርስበት፣ አናጺ እንጨት የሚቆርጥበት ከሆነ ግን ቁጥር በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት የሚያወጣ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። አመራረጡም ከዚህ ይነሳል።

1. ምንም ሳታወርዱ ክፍሉን ለኩ

ባለ 5 ሜትር ቴፕ፣ እርሳስ፣ ደብተርና አንድ ረዳት ይበቃል። እያንዳንዱን ግድግዳ ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከወለሉ አጠገብ፣ በወገብ ልክ፣ ከኮርኒሱ ሥር። ሦስቱ ከተለያዩ (ብዙ ጊዜ ይለያያሉ) ትንሹን ያዙ። የበሩን ስፋት፣ መስኮቱ ከወለል ስንት ሴንቲ ላይ እንደሚጀምር፣ ሶኬቶቹና የውሃ መስመሩ ያሉበትን፣ ከግድግዳው የወጣ ኮለን ካለም እሱን አትርሱ።

ከዚያ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። አራት ኪሎ ያለው የአክስቴ የጭቃ ቤት ሳሎኑ በወረቀት 3.60 በ4.80 ነው። ክፍሉ ቀጥ ያለ ቢሆን ሁለቱም የሰያፍ ልኬቶች ልክ 6 ሜትር ይመጡ ነበር። አንዱ 6.05፣ ሌላው 5.94 ወጣ። እንዲህ ያለ ቤት ካላችሁ፣ "የክፍሉን ርዝመትና ስፋት አስገቡ" ብሎ ቀጥ ያለ ሳጥን ብቻ የሚሠራ አፕ ከወዲሁ ይሰረዝ። እያንዳንዱን ግድግዳ በራሱ ርዝመትና በራሱ ማዕዘን የሚቀበል ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የግድግዳ ውፍረትም አለ። ብሎኬት በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲ ይመጣል፤ በሁለቱም በኩል ልስን ይጨመርበታል። በሩ ጋ ለክታችሁ ትክክለኛውን አስገቡ። አንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት የሚሰጣችሁ የውጭ አገር ስስ ግድግዳ ነው፤ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ቤታችሁ ሥዕሉ ላይ ሳይሰፋ ይሰፋል።

2. መብራቱን፣ ኢንተርኔቱንና ክፍያውን አስቡ

የዚህ ከተማ ሰው ሦስት ነገር ሳይጠይቅ መምረጥ የለበትም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ሥራዬ የት ይቀራል? ገንዘብ ቢጠይቅ በምን እከፍላለሁ? ብዙዎቹ በነጻ ያስጀምሯችሁና ጥሩውን ዕቃ ወይም ጥራት ያለውን ምስል ስትፈልጉ ወርሃዊ ክፍያ በዶላር ይጠይቃሉ፤ ያኔ ቴሌብር ላያድናችሁ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ነጻው ክፍል ብቻ ይጨርስልኝ እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ። ከጓደኛ ፍላሽ ላይ የተገለበጠ፣ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ደግሞ ከቫይረሱ ጋር ነው የሚመጣው፤ ለአንድ ኪችን ብላችሁ ላፕቶፓችሁን አትጡ።

3. ሁለት ብቻ ምረጡ

እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው ስዊት ሆም ስሪዲን ነው። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊነክስም ላይ ይጫናል፣ አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። መልኩ ያረጀ ነው፤ ሲከፍቱት ብዙም አይማርክም። ግን ግድግዳ ስትስሉ ርዝመቱን በቁጥር ትጽፉለታላችሁ፣ ልኬቱን ፕላኑ ላይ ያሰፍርላችኋል። የኮንዶሚኒየሙ ፕላን በእጃችሁ ካለ ፎቶ አንስታችሁ ከሥር ታስገቡና አንዱን የታወቀ ግድግዳ "ይሄ 3 ሜትር ከ40 ነው" ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ሌላውን በላዩ ላይ መሳል ነው።

ላፕቶፕ ለሌለው ፕላነር 5ዲ በስልክም በብራውዘርም ይሠራል። ለመማር ቀላል ነው፤ ከዕቃዎቹ ብዙው ግን በክፍያ የተቆለፈ ነው።

ስኬችአፕ ጣውላ በጣውላ ለሚያስብ ሰው ነው። ቁምሳጥን ወይም ቡፌ በልዩ ልኬት ልታሠሩ ከሆነ ያግዛችኋል፤ ለሙሉ ክፍል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የዛሬው ነጻ ስኬችአፕ የሚሠራው በብራውዘር ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነጻ ስሪት እ.ኤ.አ. በ2017 ቆሟል፤ የድሮ የዩቲዩብ ትምህርት ስታዩ ገጽታው የማይመሳሰለው ለዚህ ነው። ኦቶካድን ለባለሙያ ተዉት። ለአንድ ክፍል ብሎ እሱን መማር፣ ቡና ለመቁላት ዳቦ ቤት እንደመክፈት ነው።

ክፍሉን በካሜራ የሚለኩ አፖችም አሉ። ሊዳር (ርቀትን በሌዘር ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ያላቸው የአይፎን ፕሮ ስልኮች (ከ12 ፕሮ ጀምሮ) ጥሩ መነሻ ይሰጣሉ። ተራ ስልክ ግን ብዙ ሴንቲ ሊሳሳት ይችላል፤ ለሶፋ ይሆናል፣ ለካቢኔት አይሆንም።

4. አስቸጋሪውን ጥግ አንድ ሰዓት ፈትኑበት

የመረጣችኋቸውን ሁለቱን ክፈቱ። መጀመሪያ መለኪያው በሜትርና በሴንቲ መሆኑን አረጋግጡ፤ በኢንችና በፊት የሚከፈት አለ። ከዚያ ሙሉ ቤት ሳይሆን ኮለኑ፣ የውሃ መስመሩና በሩ የተጨናነቁበትን ጥግ ብቻ ሳሉ። በሰዓቱ ውስጥ የደብተራችሁን ቁጥሮች ሁሉ ሳይታገላችሁ የተቀበለው ያሸንፋል።

የኪችን ፈተናው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የትኛውም ካታሎግ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ፈረንጅ ያላሰበው ዕቃ ነው። እኔ ክብ ጠረጴዛ ወስጄ ስፋቱን 60 በ60 ሴንቲ፣ ከፍታውንም የኛ ምጣድ በቆመበት ልክ አደረግኩት። ያኔ ነው ችግሩ የታየኝ፦ ምጣዱ ይገባል፣ አክምባሎው ሲነሳ ግን የሚቀመጥበት የለም። ሰፌዱስ? የሊጡ ባልዲስ? ሁለት ክብ ጨመርኩና፣ ለማቀዝቀዣ ያሰብኩት ቦታ ለእንጀራው ሆነ፤ ማቀዝቀዣው ወደ ሳሎን ወጣ። ያ ሁሉ የሆነው ስክሪን ላይ፣ አንድ ጣውላ ሳይቆረጥ ነው። ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ሶኬቱን ለብቻው መስመር ብላችሁ ፕላኑ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ኤሌክትሪሽያኑ ይፈልገዋል።

ለሳሎንም እንደዚሁ ነው። ለረከቦቱና ለቡና አፍዪዋ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ባዶ ቦታ ሳሉና ሶፋውን ከዚያ በኋላ አስገቡ።

ስክሪኑ ላይ ኮለን በአንድ ክሊክ እንደሚጠፋ አትርሱ። እውነተኛው ላይ ከላያችሁ ሰው ይኖራል። ግድግዳ ለማንሳት ካሰባችሁ መሐንዲስ፣ የነዋሪዎች ማህበሩና ወረዳው ይቀድማሉ።

5. አትሙና ስጡ

መጨረሻ የምትመርጡት በስኬል የሚያትመውን ነው። በ1 ለ 50 ስኬል 4 ሜትር ግድግዳ ወረቀቱ ላይ 8 ሴንቲ ይሆናል፤ አንድ ክፍል ኤ4 ላይ በደንብ ይቀመጣል። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ "ገጹን አታመጣጥኑ፣ በልኩ ይታተም" በሉ፤ ከዚያ እዚያው በማስመሪያ አረጋግጡ። ሁለት ኮፒ አውጡ። አንዱ ለባለሙያው፣ አንዱ በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ በሁለተኛው ቀን ሲሚንቶ ይጠጣዋልና።

አንድ ነገር እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ከፍዬበታለሁ። በሁለት ግድግዳ መካከል የሚገባውን ካቢኔት 1 ሜትር ከ80 ብዬ ሰጠሁ፤ የለካሁት ግን ልስኑን ነበር። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው በሁለቱም በኩል ሲለጠፍ ክፍተቱ 1 ከ77 ሆነ። አናጺው ካቢኔቱን ደጅ አውጥቶ ጎኑን ሲልገው ዋለ፤ እኔም የቀኑን ሂሳብ ጨመርኩለት። አሁን ከማንኛውም ፕላን ግርጌ በትልቁ እጽፋለሁ፦ "ልኬቱ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ነው።"