የምድርን ስበት በክርና በብረት ኳስ በሺህ አንድ ስህተት መለካት

ክር ላይ የተንጠለጠለ ኳስ እያወዛወዙ የስበት አክስለሬሽንን መለካት የትምህርት ቤት ሙከራ ነው። 9.5 ወይም 10.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሚል ውጤት ማንም ያገኛል። በዚያው ክርና በዚያው ኳስ 9.79 ሲደመር ሲቀነስ 0.01 ላይ መድረስ ግን ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ስህተት ከየት እንደሚገባና ውጤቱን በስንት እንደሚያዛባ ሥራው ሳይጀመር ማስላት ነው።

ቀመሩ አጭር ነው። ኳሱ ሄዶ ሲመለስ የሚወስደውን ጊዜ የአንድ ምልልስ ጊዜ እንበለው፦

ስበት = 4 × ፓይ² × ርዝመት ÷ ጊዜ²

ርዝመቱ ከማንጠልጠያው ነጥብ እስከ ኳሱ መሃል ነው። ጊዜው በካሬ ስለገባ በጊዜ ላይ የሚሠራ ስህተት ውጤቱ ላይ እጥፍ ሆኖ ይታያል። 1 ሜትር ክር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ ስበቱ በሺህ አንድ ይሳሳታል፤ ጊዜውን በሺህ አንድ ብትስቱ በሺህ ሁለት ይሳሳታል። ስለዚህ ጥንቃቄያችሁን መጀመሪያ ለጊዜው ስጡ።

ዕቃው

ኳሱ ድፍን ብረት ይሁን። ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ኳስ 64 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ይበቃል። ቀላል የፕላስቲክ ኳስ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ ቅርጹ የተንሻፈፈ ክብደት ደግሞ መሃሉ የት እንደሆነ አይታወቅም።

ክሩ የማይለጠጥ ይሁን። የተጎነጎነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ጥሩ ነው። ነጠላ ናይለን ይለጠጣል፤ የጥጥ ክር የተገመደበትን እየፈታ ኳሱን ያሽከረክራል፣ እርጥበት ሲነካውም ርዝመቱ ይቀየራል።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ማንጠልጠያው ላይ ነው። ክሩን ክብ ምስማር ላይ አስራችሁ ካንጠለጠላችሁት፣ ኳሱ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር ክሩ ምስማሩ ላይ በጥቂቱ ይጠቀለላል፣ የሚወዛወዘውም ርዝመት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። በዚያ ላይ ርዝመቱን ከየት ጀምራችሁ እንደምትለኩ አታውቁም፤ ከምስማሩ ላይኛው ጫፍ? ከታችኛው? ከቋጠሮው? መፍትሔው ክሩን በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል አስገብቶ በብሎን ማጥበቅ ነው። የሁለቱም ብረቶች ታችኛ ጠርዝ ቀጥ ያለና እኩል ይሁን። ክሩ ከዚያ ጠርዝ ይወጣል፤ ርዝመቱም ከዚያ ጠርዝ ይጀምራል።

መቆንጠጫው የተሰካበት ነገር ራሱ መንቀሳቀስ የለበትም። ቀጭን የላቦራቶሪ ስታንድ ከኳሱ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፤ ያኔ ክሩ የረዘመ ያህል ይሆንና ጊዜው ይጨምራል፣ ስበቱም አንሶ ይወጣል። ለመፈተን፣ ኳሱን አወዛውዛችሁ ስታንዱ አናት ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጡ። የውኃው ገጽ ከኳሱ ምት ጋር ከተንቀጠቀጠ ስታንዱን ተዉትና ግድግዳ ወይም ከባድ ጠረጴዛ ላይ እሰሩ።

ከዚህ ሌላ ሚሊ ሜትር የሚያነብ የብረት ሜትር፣ ለኳሱ ዲያሜትር ካሊፐር (ኳሱን በሁለት መንጋጋ ይዞ ስፋቱን የሚለካ መሣሪያ)፣ እና ስቶፕ ዎች ያስፈልጋል። የስልክ ስቶፕ ዎች ይበቃል፤ ስክሪኑ ንክኪ ሲቀበል የሚዘገየው ሲጀመርም ሲቆምም ተመሳሳይ ስለሆነ አብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ርዝመቱን መለካት

ኳሱን ሰቅላችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ክሩ መለጠጥ ካለበት ያን ጊዜ ይለጠጣል። መለኪያውን የምትይዙት ኳሱ እንደተንጠለጠለ ነው። ክሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መለካት ክብደት ሳይጎትተው የነበረውን ርዝመት ብቻ ይሰጣል።

ከመቆንጠጫው ጠርዝ እስከ ኳሱ አናት ለኩ፤ የኳሱን መሃል በዓይን ለመገመት አትሞክሩ። ከሜትሩ ጀርባ ትንሽ መስታወት ያዙና የኳሱ አናት ከምስሉ ጋር ሲገጥም አንብቡ፤ እንዲህ ስታደርጉ ዓይናችሁ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ንባቡን አያዛባም። ጊዜውን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ርዝመቱን ድገሙ። ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ክሩ መቆንጠጫው ውስጥ ተንሸራቷል፣ ያ ንባብ ይጣላል።

አምስት የተለያዩ ርዝመቶች ያስፈልጋሉ፦ ከ40 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር፣ በየ20ው። በአንድ ርዝመት ብቻ የሚሠራ ሰው ርዝመቱን በስንት እንደሳተ የሚነግረው የለም፤ አምስት ርዝመት ያለው ሰው ግን ከግራፉ ያገኘዋል። ወደዚህ እንመለሳለን።

አንግሉና አለቃቀቁ

ከላይ ያለው ቀመር ትክክል የሚሆነው አንግሉ እጅግ ትንሽ ሲሆን ነው። አንግሉ ሲጨምር ጊዜው ይረዝማል፤ የጭማሪው ድርሻ አንግሉ በራዲያን (1 ራዲያን 57.3 ዲግሪ ገደማ ነው) ተለክቶ፣ በራሱ ተባዝቶ፣ ለ16 ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ5 ዲግሪ ስበቱ ከመቶ 0.1 ያህል አንሶ ይወጣል። በ10 ዲግሪ ከመቶ 0.4 ገደማ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ ከመቶ 1.5 ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከ5 ዲግሪ አትለፉ። ይህም ኳሱን ከርዝመቱ 0.087 ያህል ወደ ጎን መሳብ ማለት ነው፤ ለ40 ሳንቲ ሜትር ክር 3.6 ሳንቲ ሜትር፣ ለ120 ሳንቲ ሜትር ክር 10.6 ሳንቲ ሜትር። ለሁሉም ርዝመት እኩል 8 ሳንቲ ሜትር የሚስብ ሰው አጭሩን ክር 11 ዲግሪ፣ ረጅሙን 4 ዲግሪ ላይ እየለቀቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግራፉ ቀጥ አልልም ሲለው ምክንያቱ ይጠፋዋል።

በጣት ይዞ መልቀቅ ኳሱን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ መንገዱም መስመር መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል። ኳሱን በቀጭን ስፌት ክር ወደ ጎን ስባችሁ እሰሩት፣ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠብቁ፣ ከዚያ የስፌት ክሩን በክብሪት አቃጥሉ። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት የሞላላው ስፋት ከርዝመቱ አንድ አሥረኛ ከበለጠ አቁማችሁ እንደገና ልቀቁ።

ጊዜውን መቁጠር

50 ምልልስ ቁጠሩ፤ ለ1 ሜትር ክር 100 ሰከንድ ያህል ነው። የእጃችሁ ስህተት ለ50 ይካፈላል።

ስቶፕ ዎቹን ኳሱ የቱ ጋ ሲደርስ ትጫናላችሁ? አብዛኛው ሰው ኳሱ ዳር ደርሶ «ሲቆም» ይጫናል፣ ለዓይን ቀላል ስለሚመስል። ቁጥሩን ተመልከቱ። 1 ሜትር ክር በ5 ዲግሪ ሲወዛወዝ ኳሱ ከመሃል እስከ ዳር 8.7 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ዳር አካባቢ ያለችውን የመጨረሻዋን 1 ሳንቲ ሜትር ገብቶ እስኪወጣ 0.3 ሰከንድ ያህል ይቆይባታል፤ የትኛዋ ቅጽበት ላይ እንደቆመ መለየት አይቻልም። ከታች፣ መሃል ላይ ግን በሰከንድ 27 ሳንቲ ሜትር ስለሚሮጥ 1 ሳንቲ ሜትሯን በ0.04 ሰከንድ ያልፋታል። ስለዚህ ኳሱ ቆሞ ሳለ ከክሩ ጀርባ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ክሩ ያንን መስመር ሲያልፍ ተጫኑ።

ወዲያው እንደለቀቃችሁ አትጀምሩ። ሁለት ሦስት ምልልስ ይለፍ፣ ከምቱ ጋር ተስማሙ፣ ከዚያ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ» ብላችሁ «ዜሮ» ላይ ተጫኑ። ሳይታሰብ ለብልጭታ የሚሰጥ ምላሽ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ ምቱን አስቀድሞ የሚጠብቅ እጅ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ይሳሳታል። ምልልስ የሚባለው ክሩ መስመሩን በተመሳሳይ አቅጣጫ ሲያልፍ ነው፤ ሲመለስ የሚያልፈው አይቆጠርም።

«ዜሮ» የሚለው ቃል እዚህ ከባድ ነው። «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው 50 ሲል 49 ምልልስ ብቻ ቆጥሯል። ጊዜው ከመቶ 2 ያጥራል፣ ስበቱ ከመቶ 4 ይበልጣል። መለያው ግልጽ ነው፦ 9.79 መምጣት ሲገባው 10.19 ከመጣ አንድ ምልልስ ጎድሏል፣ 9.41 ከመጣ አንድ ተርፏል። ከእነዚህ አንዱን ካገኛችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት አቆጣጠራችሁን መርምሩ።

በየርዝመቱ አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ። ከአምስቱ አንዱ በአንድ ሙሉ ምልልስ ጊዜ ከሌሎቹ ከራቀ የቆጠራ ስህተት ነው፣ ከአማካዩ አውጡት፤ መዝገቡ ላይ ግን ምክንያቱን ጽፋችሁ ተዉት እንጂ አታጥፉት።

ስሌቱ

ለምሳሌ የሚከተሉት ቁጥሮች ወጡ እንበል። ርዝመቱ ከመቆንጠጫው ጠርዝ እስከ ኳሱ አናት፣ ጊዜው የ50 ምልልስ አማካይ ነው።

0.400 ሜትር — 64.52 ሰከንድ
0.600 ሜትር — 78.55 ሰከንድ
0.800 ሜትር — 90.53 ሰከንድ
1.000 ሜትር — 101.00 ሰከንድ
1.200 ሜትር — 110.58 ሰከንድ

እያንዳንዱን ለ50 አካፍሉና ካሬ አድርጉ፦ 1.6651፣ 2.4680፣ 3.2783፣ 4.0804፣ 4.8912። ርዝመቱን አግድም፣ የጊዜውን ካሬ ሽቅብ አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ይሰለፋሉ፤ የመስመሩ ስሎፕ፣ ማለትም አግድም አንድ ሜትር ሲኬድ ሽቅብ የሚወጣው መጠን፣ 4 × ፓይ² ለስበት ሲካፈል ነው። በሌስት ስኩዌር (የነጥቦቹን ርቀት ካሬ ድምር ትንሹ የሚያደርገውን መስመር በሚመርጠው ስሌት) ሲሰላ ስሎፑ 4.032 ይመጣል። 39.478ን ለዚህ ስታካፍሉ 9.791 ሜትር በሰከንድ ካሬ ታገኛላችሁ። ነጥቦቹ ከመስመሩ የሚርቁበት መጠን የስሎፑን የስህተት ወሰን 0.004 ያደርገዋል፤ በስበቱ ላይ 0.010 ማለት ነው።

መስመሩ በዜሮ አያልፍም። ርዝመቱ ዜሮ ላይ ሲሆን የጊዜው ካሬ 0.0508 ነው። ይህን ለስሎፑ አካፍሉት፦ 0.0126 ሜትር፣ 12.6 ሚሊ ሜትር። የኳሱ ራዲየስ 12.5 ነው። መሃሉን ሳንለካው ግራፉ ራሱ አገኘው። አምስት ርዝመት ይለካ ያልነው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ርዝመት ላይ እኩል የገባ ስህተት ስሎፑን አይነካም፣ መስመሩን ከፍ ወይም ዝቅ ብቻ ያደርገዋል። ከራዲየሱ ጋር ካልገጠመና ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የሜትሩን ጫፍ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ተበልቷል ወይም ዜሮው ከጠርዙ ላይ አይደለም።

ነጥቦቹ ከመስመሩ በታችና በላይ እየተፈራረቁ ከተበተኑ የእጅ ስህተት ነው፣ ድግግሞሽ ይቀንሰዋል። ዳርና ዳር ያሉት ከመስመሩ በላይ፣ መሃሎቹ በታች ሆነው ቀስት ከሠሩ ግን አንግሉ ነው፤ መቶ ጊዜ ብትደግሙትም አይጠፋም።

እርማቶቹ

የአንግሉ እርማት መጀመሪያ ይሁን። በ5 ዲግሪ ተለቆ እስከ 3 ዲግሪ የደከመ ኳስ አማካዩ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርማቱ ስበቱን በ0.006 ያሳድገዋል። ከስህተት ወሰኑ ከግማሽ በላይ ስለሆነ ችላ አይባልም። የክሩን ክብደት ደግሞ መዝኑ። 0.1 ግራም ክር ከ64 ግራም ኳስ ጋር ስበቱን በ0.0026 አብልጦ ያሳያል። የአየር ተንሳፋፊነት፣ አየሩ ኳሱን ሽቅብ የሚገፋበት ኃይል፣ በተቃራኒው በ0.0015 ያህል ያሳንሰዋል። የኳሱ ስፋት በ1 ሜትር ክር ላይ ርዝመቱን በ0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለውጣል፣ ተዉት።

ውጤቱን ከ9.80665 ጋር አታወዳድሩ። ያ ቁጥር በ1901 በዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነ መለኪያ ነው እንጂ የአንድ ቦታ ስበት አይደለም። በባሕር ጠለል የምድር ወገብ ላይ 9.780፣ ዋልታ ላይ 9.832 ነው፤ ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር 0.003 ይቀንሳል። የቦታችሁን ለማግኘት የኬክሮሱን ሳይን ካሬ በ0.0053 አባዙ፣ 1 ደምሩበት፣ በ9.780 አባዙ፣ ከዚያ የከፍታውን ቀንሱ። ይህ ልዩነት ለሰዓት እንኳ ይታወቃል፦ ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ በ1672 ከፓሪስ በደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ካየን የወሰደው የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር።

ከ0.01 በታች መውረድ ከፈለጋችሁ፣ በእጅ መጫኑን በብርሃን ዳሳሽ ተኩ። ያኔ የጊዜው ስህተት ያንስና ትልቁ ስህተት ርዝመቱ ይሆናል፤ ክሩን የቱንም ያህል ብትጠነቀቁለት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኬተር በ1817 የሠራው ተገልባጭ ፔንዱለም ክሩን ትቶ በብረት ዘንግ ላይ ሁለት ስለታም ጠርዞችን ተክሏል። ክብደቱን እያንሸራተቱ ዘንጉ ከሁለቱም ጠርዝ ሲንጠለጠል ጊዜው እኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ ከዚያ የሚለካው በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው።