ሶሻል ወርክ ልትገቡ ነው? እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች አትድገሙ

«ሶሻል ወርከር ነኝ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ» ስል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ምን ትሰጣላችሁ?» ብሎ ነው። ዱቄትና ዘይት የምናድል ይመስለዋል። አልፈርድበትም፤ ብዙዎቻችንም እንደዚያ አስበን ነው የገባነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ደግ ልብ ብቻውን ይበቃል ማለት። ሥራው ትምህርት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ በ1959 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘጋ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የተመለሰው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ሙያው እስከ ዛሬ ከምጽዋት ጋር የሚምታታው በዚህም ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቃል መግባት ነው። ለመስክ ልምምድ ወጥቼ አንዲት እናትን «አይስጉ፣ ልጁን እኔ አስመዘግበዋለሁ» አልኳቸው። በሳምንቱ ስሄድ ተበድረው ዩኒፎርም ገዝተው ጠበቁኝ። ቦታ ግን አልነበረም። አሁን «ጠይቄ ሐሙስ እነግርዎታለሁ» እላለሁ። መልሱ «አልተሳካም» ቢሆንም ሐሙስ እሄዳለሁ።

በባለጉዳዩ ፈንታ መወሰንም አለ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ስታዩ «የአረጋውያን ማዕከል ይግቡ» ማለት ይቀናችኋል። እሳቸው ግን ዕድር ሲከፍሉ ነው የኖሩት። ሰፈሩን ጥለው ቢሄዱ ማን ይቀብራቸዋል? ለእናንተ አልጋና ምግብ ነው፤ ለእሳቸው ያለ ወገን መሞት ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ቀጥሎ፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ የዕድሩን ዳኛ አነጋግሩ። አንዳንዴ ማዕከሉ የማይሰጠውን ጎረቤት ይሰጣል። ሁልጊዜ አይደለም፤ የሚበድል ጎረቤትም አለ።

ገመና ማውጣት ከሁሉም የከፋው ነው። የአንዲትን ባለጉዳይ ነገር ስም ሳትጠሩ ቡና ላይ ብታወሩም ሰፈሩ ያውቃታል። ማውራት ብቻም አይደለም። የድርጅት አርማ የተለጠፈበት መኪና ቤቷ በር ላይ ማቆም ራሱ ወሬ ነው። በተለይ ድርጅቱ በኤችአይቪ ሥራ የሚታወቅ ከሆነ። መኪናውን አስፋልት ዳር ተዉትና በእግር ግቡ። ከዚያ በፊት ደግሞ የት ብትገናኙ እንደሚመቻት ጠይቋት።

ከኪስ መስጠት? አንድ ቀን ትሰጣላችሁ። በማግስቱ ሌላው ጎረቤት «እኔስ?» ይላችኋል።

ማስታወሻም በዚያው ቀን ጻፉ። እኔ ለነገ እያልኩ የሁለት ቤተሰብ ልጆችን ስም አቀያይሬ ፋይል ውስጥ አስገብቻለሁ። ያወቅኩት ሌላ ባልደረባ በተሳሳተ ስም ልጅ ፍለጋ ወጥታ ስትመለስ ነው።