ስቶቭና ኦቨን ሲጸዳ የሚሠሩ ስህተቶች

ሥራዬ ስቶቭና ኦቨን መጠገን ነው። ሰው ሲደውልልኝ «ምን እንደነካው እንጃ፣ ዝም ብሎ ተበላሸ» ይለኛል። ሄጄ ሳየው ስቶቩ ያብረቀርቃል። ያኔ ነገሩ ይገባኛል። ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ አንድ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ «ዛሬስ አልለቀውም» ብሎ ተነስቶበታል። እድፍ ብቻውን ከጥቅም ውጭ ያደረገው ስቶቭ የማየው ከስንት አንዴ ነው። ጽዳት የጎዳውን ግን ሁልጊዜ አያለሁ። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። አንዳንዱ ላይ ብናደድ ታገሱኝ።

እድፉ ምን እንደሆነ ሳያዩ መጀመር

መጀመሪያ በጣታችሁ ንኩት። ቡናማ ሆኖ የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ደርቆ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ቅባት ነው። ቅባት ደጋግሞ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። በብረት መጥበሻ ላይ ሰዎች ሆን ብለው የሚያሲዙት ጥቁር ሽፋንም በዚሁ መንገድ ነው የሚፈጠረው። ስለዚህ በቀላሉ አልለቅ ቢላችሁ አይግረማችሁ። እሱን የሚፈታው የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካሊ ነው። ለስላሳው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ከእሱ የሚበረታው ዋሺንግ ሶዳ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የኦቨን ማጽጃ ነው፤ እሱ ያለ ጓንት አይነካም።

ነጭና ሻካራ ሆኖ ውሃ በፈሰሰበት ቦታ ላይ ቀለበት የሠራ ከሆነ ግን ውሃው ጥሎት የሄደው ማዕድን ነው። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እሱ የሚሸነፈው በአሲድ ነው፤ በአቼቶ፣ በሎሚ ወይም በሲትሪክ አሲድ። ሰው ሁለቱን አምታቶ ያረረ ቅባት ላይ አቼቶ እያፈሰሰ ይውላል። ቅባቱ ምንም አይሆንም። ከዚያ «አቼቶ አይሠራም» ይባላል። አቼቶ የማይሠራው ያለቦታው ስለገባ ነው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳን መቀላቀል

ይህን ምክር ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሶዳውን ነስንሱ፣ አቼቶውን ጨምሩበት፣ ሲፈላ እዩት፣ ተዓምር ነው! ሲፈላ ደስ ማለቱን አልክድም። የሚፈላው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሲዱና አልካሊው ተጣፍተው ሲያበቁ የሚተርፋችሁ ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ያለበት ውሃ ነው። ሁለት የሚሠሩ ነገሮችን ይዛችሁ ገብታችሁ አንድ የማይሠራ ነገር ይዛችሁ ወጣችሁ ማለት ነው።

ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ብቻ ተራ ይጠብቁ። መጀመሪያ ሶዳው ሥራውን ይሥራ። ከተጠረገ በኋላ ነጭ ዱቄቱ አልጠፋ ሲል አቼቶ የነካ ጨርቅ ያነሳዋል።

ኧረ ሽቦውን ተዉት!

እዚህ ጋ ነው ትዕግስቴ የሚያልቀው። ስንት ሰው ፊት ቆሜ ይህን እንደተናገርኩ! ሰሚ የለም። የዕቃ ማጠቢያው ጥግ ላይ ሁልጊዜ ያ የተጠቀለለ ሽቦ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ሽቦ የሚያታልለው ስለሚሠራ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈገፍጉት እድፉ ይለቃል፤ ሰው ይደሰታል። ከእድፉ ጋር ምን አብሮ እንደለቀቀ ግን ወዲያው አይታይም። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከጎን አዘንብላችሁ ሽቦ የነካው መስታወት ላይ ያዙት። ቀጫጭን ጭረቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ክብ ክብ ሠርተው ታያላችሁ፤ ልክ እጅ እንደዞረው። እነዚያ ጭረቶች አይጠፉም። የሚቀጥለው ቅባት እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እድፉ ቶሎ ይይዛል፣ ይበልጥም ይጠነክራል። እናንተም ይበልጥ ትፈገፍጋላችሁ። በቃ፣ ማለቂያ የለውም።

ስቴንለስ ስቲል ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስቴንለስ የማይዝገው ውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራለት ነው። ሲጫር ሽፋኑ በራሱ ይመለሳል። ችግሩ ሽቦው እየተሸራረፈ የተራ ብረት ብናኝ ጥሎ መሄዱ ነው። ያ ብናኝ ይዝጋል። ከቀናት በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣና «ስቴንለስ ብለው ሸጡልኝ፣ ውሸታቸውን ነው» የሚል ስልክ ይደወልልኛል። አልዋሹም። የዛገው ሽቦው ነው።

የኦቨን ውስጥም ያው ነው። ያ ጥቁር ወይም ግራጫ ግድግዳ ኢናሜል ይባላል። ብረት ላይ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጦ የተጋገረ መስታወት ነው። ደጋግሞ ሲፈገፈግ ልስላሴው ይሄዳል። ከተሸራረፈ ደግሞ ከሥሩ ያለው ብረት መዛግ ይጀምራል።

አንድ ደንበኛዬ የኦቨኑን በር መስታወት በየሳምንቱ በሽቦ ያጸዳ ነበር። ንጹህ ሰው ነው፤ ወጥ ቤቱ ዓይን ይማርካል። አንድ ቀን ኦቨኑ ግሎ ሳለ ማንም ሳይነካው መስታወቱ ፈነዳ። ወለሉ በሙሉ የመስታወት ፍርፋሪ ሆነ። በሩ ላይ የሚገባው መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ውስጡ ውጥረት አለ። ጭረቱ ጥልቅ ሲሆን ያ ውጥረት ይፈታና መስታወቱ በአንዴ ይበታተናል። ደግነቱ አጠገቡ ሰው አልነበረም። አሁንም ሽቦ የሚገዛ ካለ ይህን ያስታውስ።

ታዲያ በምን? ለስላሳ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፤ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድም ይሆናል። ጠፍጣፋው የመስታወት ስቶቭ ላይ ብቻ ምላጭ ያለው መፋቂያ ይፈቀዳል። «ሽቦ ከልክለህ ምላጭ ትፈቅዳለህ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ። ምላጩ ተኝቶ፣ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ብሎ፣ በረጠበ መስታወት ላይ ሲሄድ ከእድፉ ሥር ይገባል እንጂ መስታወቱን አይቆፍርም። ጫፉ ከተጎረደ ግን ጣሉት። የኦቨኑን በር ደግሞ ምላጭም አይንካው።

በነገራችን ላይ ያ «አስማተኛ» የሚባለው ነጭ ስፖንጅም ሆነ የጥርስ ሳሙና የሚሠሩት በመፋቅ ነው። ፋቂነታቸው ስስ ስለሆነ አይታወቅም እንጂ የሚያብረቀርቀውን ገጽ ያደበዝዙታል።

ጊዜ አለመስጠት

እ.ኤ.አ. በ1959 ሄርበርት ዚነር የተባለ ጀርመናዊ የጽዳት ኬሚስትሪ ባለሙያ ጽዳትን በአራት ነገር ከፈለው፤ ኬሚካል፣ ጉልበት፣ ሙቀትና ጊዜ። አንዱን ከቀነሳችሁ ሌላውን መጨመር አለባችሁ። ሰው ሁሉ ጊዜውን ቀንሶ ጉልበቱን ይጨምራል። ሽቦ የሚመጣው እንግዲህ በዚህ በኩል ነው።

ማታ ቤኪንግ ሶዳን በትንሽ ውሃ ለውሱት፤ የማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ሊጥ ይሁን። ያረረው ላይ በደንብ ቀቡት፤ የሚግለውን የኤሌክትሪክ ዘንግ ግን አታስነኩት። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ተኙ። ከደረቀ አይሠራም፤ ጨርቁ ለዚያ ነው። ጠዋት ሊጡ ወደ ቡናማ ተቀይሮ ታገኙታላችሁ። ጥግ ላይ በካርዱ ገፋ ስታደርጉት ጥቁሩ ከሊጡ ጋር ተጠቅልሎ ይነሳል። ሁሉም በአንዴ ላይለቅ ይችላል። የቀረውን ነገ ማታ ድገሙት።

የጋለ ስቶቭ ላይ መሥራት

ለብ ያለ ጥሩ ነው። የጋለ ግን አይሆንም። የማጽጃው ትነት ሳንባ ያቃጥላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የጋለ ኢናሜልን ይሰነጥቃል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የማይጠብቀው። የመስታወት ስቶቭ ላይ ስኳር ወይም ፕላስቲክ ከቀለጠ እሳቱን አጥፉና ሳይቀዘቅዝ፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ፣ በመፋቂያው ግፉት። የቀለጠ ስኳር ሲቀዘቅዝ መስታወቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲላቀቅም ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ይዞት ይመጣል። ያ ጉድጓድ መድኃኒት የለውም።

በረኪና

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል። ያረረ ቅባት አያነሳም። ስቴንለስ ላይ ከቆየ ትንንሽ ጉድጓድ እየሠራ ይበላዋል። ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ መርዝ ነው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ከመጣባችሁ ሁሉን ትታችሁ ውጡ። «ምን ይሆን?» ብላችሁ ጎንበስ ብላችሁ አታሽትቱ።

ማብሪያው ላይ መርጨት

ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ ስቶቩ ላይ አትርጩ። በማብሪያዎቹ ዙሪያ የገባው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይወርዳል። እሳት የሚጭረው ነጭ ሴራሚክ ከረጠበ ማንም ሳይነካው ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ያድራል። ሰው ደንግጦ ይጠራኛል። መፍትሔው ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ጋዙን ዘግቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። «ይድረቅ» ለማለት ብቻ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል።

ማብሪያዎቹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የሚያጠፋውም ያው ሽቦ ነው። አልደግመውም።

የበርነሩን ቀዳዳ በስንጥር መጎርጎር

እንጨቱ ይሰበርና ውስጥ ይቀራል። እሱን ለማውጣት ሌላ ስንጥር ይገባል። እሱም ይሰበራል። ቀጭን መርፌ ተጠቀሙ፤ እሷም ቢሆን ትጥረግ እንጂ ቀዳዳውን አታስፋው። ከሥር፣ መሐል ላይ ያለችውን ጋዝ የሚወጣባትን ትንሽ ቀዳዳ ግን ፈጽሞ አትንኳት። ልኳ በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

ክዳኑና ቀለበቱ አሉሚኒየም ከሆኑ ኮስቲክ ሶዳ አይንካቸው። አሉሚኒየምን ይበላል፣ ያጠቁረዋልም። ታጥበው ሲያልቁ በደንብ ይድረቁና በቦታቸው ይግቡ። ከዚያ እሳቱን እዩት፤ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ ከተወዛወዘ ጋዙ በደንብ እየነደደ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። ክዳኑ ተንሻፎ ከሆነ አስተካክሉት፤ ካልተስተካከለ አጥፉትና ባለሙያ ጥሩ።

ሁሉም ኦቨን አንድ ይመስላል ማለት

አንዳንድ ኦቨኖች በጎን በኩል እንደ አሸዋ ወረቀት ሻከር ያለ ግራጫ ግድግዳ አላቸው። ቅባትን በከፍተኛ ሙቀት ራሱ እያቃጠለ የሚያጠፋ ሽፋን ነው። ማጽጃ ከተቀባ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና መሥራቱን ያቆማል። አንዲት እናት «ይህ ቦታ ብቻ አልለሰልስ አለኝ» ብለው ቀኑን ሙሉ በኦቨን ማጽጃ ሲታገሉት ዋሉ። ሲፈጠርም ሻካራ ነው፤ ምን ያድርግ?

እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ግሎ ራሱን የሚያጸዳው ዓይነት ደግሞ ሌላ ነው። እሱም ማጽጃ አይቀባም። መደርደሪያዎቹን ማውጣት አትርሱ፤ ካልወጡ ይጠቁራሉ።

የበሩን ዙሪያ የሚዞረውን ለስላሳ ማሸጊያ አትፈትጉት፣ አታርጥቡትም። እሱ ከተጎዳ ሙቀት ይወጣል።

እድፍ ያልሆነን እድፍ ማሳደድ

ስቴንለስ ላይ ሰማያዊና ወርቃማ ሆኖ የሚታየው ሙቀት ያወፈረው ያው ስስ ሽፋን ነው። አቼቶ በነካ ጨርቅ ይደበዝዛል። የቆየ ነጭ ፕላስቲክ ቢጫ የሚሆነው ደግሞ በብርሃንና በሙቀት ስላረጀ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ ብትፈትጉት ትደክማላችሁ።

ሳያለቀልቁ መጨረስ

ኦቨኑ ጸድቷል፣ እናንተ ደክማችኋል፣ «በቃ» ትላላችሁ። ግድግዳው ላይ የቀረው ማጽጃ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሲግል ይጨሳል። በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉት፤ ጨርቁን እያለቀለቃችሁ። መጨረሻ ላይ በውሃ የቀጠነ አቼቶ የነካ ጨርቅ አሳልፉበት። ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ ባዶውን ለ15 ደቂቃ ያህል አግሉት። በሩን ስትከፍቱ ነጭ መስመር ከታየ ገና ማጽጃ አለበት ማለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ጥረጉት።